መልስ የሚሰጥ ታምቡር

የጂንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻይዬን ይዤ ወንበር የምቀይር ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን ብረት መላጫው ቶርኖ ላይ የጨረስኩ፣ በካሊፐር ያልለካሁትን የማላምን፣ ይህን እወቁልኝና የሆነውን ልንገራችሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጀሞው ሚኒባስ ሾፌር ሸምሱ፣ ነፋስ ስልክ ወዳለው ሥራ ቤቴ የፍሬን ታምቡር ይዞ መጣ፣ ውስጡ ስለተበላ በቶርኖ እንዳስተካክልለት። ታምቡር የሚሠራው ከጊዛ ነው፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከሚፈሰው ግራጫ ብረት፣ ሙቀትና ፍትጊያ ይችላል፣ ንዝረትም ይውጣል፣ ግን ኩሩ ነው፣ ከመታጠፍ መሰንጠቅ ይመርጣል። ስለዚህ እንደ ልማዴ በሽቦ አንጠልጥዬ በመዶሻ መታ አደረግኩት፣ ቢሰነጠቅ ኖሮ ድምፁ ይሞት ነበር፣ እሱ ግን ጥርት ብሎ ጮኸ፣ ደህና ነው። ጥቁር የብረት ዱቄት ቅንድቤን እስኪሸፍነው ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

መብራት ሄደ፣ ሰፈሩ ጸጥ አለ፣ ያኔ ታምቡሩ «ጠቅ» አለ።

እየበረደ ነው ብዬ እጄን ጫንኩበት፣ እመኑኝ፣ ድሮ በርዷል።

«እታለም፣ ልግጠመው? ሰው ይጠብቀኛል» አለ ሸምሱ።

ጠቅ።

«ወይስ ልተወው?»

ዝም።

ሸምሱ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና አንቱ ይለው ጀመር። «ጀሞ ልውረድ ይላሉ?» ጠቅ። «እታለም ሥራዋን ታውቃለች?»

ዝም አለ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ በለጠብኝ።

«ጠቅ ማለቱ እሺ ነው» አለ ሸምሱ።

«እሺ ከሆነማ ሥራ አላውቅም ማለት ነዋ» አልኩት። «ጠቅ የሚለው እምቢ ሲል ነው።»

«እምቢ ከሆነ ደግሞ አትግጠመኝ እያለ ነው። ያንቺን ክብር ላድን ብዬ መኪና ላቁም? አራት ልጆች አሉኝ እኮ።»

በነጭ ጋዝ አርሼ፣ ወልውዬ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩበት፣ ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጠመኔው ላይ መስመር ያወጣል። አንዲት መስመር የለም። ምን ብዬ ልከልክለው? ገጥሞ ሄደ።

ፍሬኑ እስካሁን አንደኛ ነው ይላል። እኔም ቤቴ ጀሞ ስለሆነ ማታ ማታ በእሱ ሚኒባስ እገባለሁ፣ በሠራሁት ፍሬን ሌላው ተሳፍሮ እኔ በሌላ መኪና ብሄድ ሕሊናዬ እሺ አይለኝም። ወደ ጀሞ የሚወርደው ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ሸምሱ ሙዚቃውን ይዘጋል። ተሳፋሪው ምነው ብሎ ያጉረመርማል፣ እኛ ሁለታችን ታምቡሩን እናዳምጣለን።