የሽቫንሃይሙ ጥብጣብ

የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ምንያህል ከአውቶቡስ ወርዶ ሽቫንሃይም ጫካ ዳር የቆመውን፣ ከዚህ በፊት ልብ ያላለውን ሰሌዳ ገና እያነበበ ነበር። «የዱር አሳማ አደን። መግባት ለሕይወት ያሰጋል።» ክው ብሎ ቀረ። አማቱ ወይዘሮ የወርቅውሃ ጫካው ውስጥ ናቸው። የላካቸውም ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ የወርቅውሃ ልጃቸውን፣ የምንያህልን ሚስት መቅዲን ሊጠይቁ ከመንዝ ባሕር ማዶ መጥተው፣ ግሪስሃይም በተባለው ሰፈር ባለው ጠባብ ቤት ሥራ መፍታት ሲሰለቻቸው በሣር ሙዳይ መስፋት አማራቸው። ትናንት ምንያህል ወንዙን አሻግሮ ወደ ጫካው ወሰዳቸው። ረጅም ደረቅ ሣር ሲያዩ ፊታቸው በራ። መንገዱ ላይ ግን ቀይና ነጭ ጥብጣብ ተወጥሯል። እሳቸው ደግሞ የጓሳ ሣር ጠባቂ ልጅ ናቸው፤ ባገራቸው ሣሩ በሽማግሌ ቃል ይዘጋል፣ በሽማግሌ ቃል ይከፈታል። ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባ ወየውለት!

«ዘግተውታል፣ ልጄ። እንመለስ» አሉ።

ምንያህል የአዲስ አበባ ልጅ አይደል፣ ለአንድ እቅፍ ሣር ብሎ ሳቀ። ዛሬ ማለዳ ወደ አየር ማረፊያው ለጽዳት ሥራው ሲሄድ ጥብጣቡን ፈታና ለመቅዲ ደወለላት። «እማማን ተከፍቷል በያቸው።» ሊያስደስታቸው ብሎ እኮ ነው! አይ ምንያህል! ሥራውን ጨርሶ ሊያግዛቸው ሲመጣ ተኩስ ጠበቀው።

ሮጠ። ጭጋጉ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ከላይ ነፋሱ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ዝናቡ ፊቱን ይገርፈዋል። «እማማ!» ብሎ ተጣራ። ማን ይስማው! ሁለተኛ ጥይት ጮኸ። በስተግራ ውሾች አላዘኑ። ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ አንድ እግር ጫማው እዚያው ቀረ። «እመብርሃን፣ በእሳቸው ፈንታ እኔን!» እያለ፣ እያለቀሰ ሮጠ።

ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ግልገሎቿን ያስከተለች የዱር አሳማ ፊት ለፊቱ ተገተረች። የጀርባዋ ጸጉር ቆሟል። ምንያህል መሮጥም መጮህም አቃተው። ከኋላዋ ውሻ ሲጮህ ተወርውራ መጣች፤ ጭኑን መትታ ጭቃው ላይ ዘረረችው። ግልገሎቹ እየረገጡት አለፉ።

ቀና ሲል አማቱን አያቸው። ከአሮጌ ዛፍ ሥር ጎንበስ ብለው ሣር ያጭዳሉ፤ ጥቁር ካፖርታቸው ብቻ በጭጋጉ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ከወዲያ ከእንጨት ማማ ላይ አንድ አዳኝ ጠመንጃውን ወደዚያው ጥቁር ነገር አዙሯል።

«ኒሽት ሺሰን! አትተኩስ! ሰው ነው!»

እጆቹን ዘርግቶ መሐል ገባ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ጥይቱን ጠበቀ። ዓይኑን ሲገልጥ አፈሙዙ ወርዷል።

አዳኙ ሽማግሌ ነው፤ ከማማው ወርዶ መጣ። «ልገድላቸው ነበር! ጥብጣቡን አላያችሁም?»

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ።

ምንያህል ነገራቸው።

«ታዲያ ተከፍቷል አላላችሁኝም?»

«እኔ ነኝ የፈታሁት፣ እማማ። የተዘጋው ለሣሩ ብቻ መስሎኝ...»

ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ጫካው የማነው? ጠይቅልኝ።»

«የከተማው ሕዝብ ነው» አለ አዳኙ። «የሁላችንም። አሳማው ሲበዛ ችግኙን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ተማክረን ለአደን እንዘጋዋለን።»

«አየህ፣ ተማክረው ዘጉ» አሉ አማቱ። «አንተ ብቻህን ከፈትክ።» ያጨዱትን ሣር አንድም ሳያስቀሩ እዛፉ ሥር አስቀመጡት። «ሲከፈት እንመጣለን።»

አዳኙ በቀንድ መለከቱ ተኩስ አስቁሞ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ጥብጣቡ ጭቃ ላይ ወድቋል። ምንያህል አንስቶ አሰረው። ወይዘሮ የወርቅውሃ ሳብ ቢያደርጉት ተፈታ።

«እንደገና።»

ሁለት ጊዜ ቋጥሮ አጥብቆ አሰረው። ገና ቋጠሮውን ሳይለቅ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት በመንገዱ መጣች። ጥብጣቡን ስታይ ቆመች። ጋሪዋን አዙራ በመጣችበት ተመለሰች።

ምንያህል ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ነጠላቸውን አውልቀው በባዶ የቀረውን እግሩን ጠቀለሉለት።