የቀይ ጭራዎቹ ቁርስ

በቤተ ሙከራው ሕንፃ ውስጥ የአይጦቹን ክፍል የምታጸዳዋን ሠራተኛ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ሁሉም «የአይጦቹ እናት» ይላታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ፎቅ ላይ የሚሠራው ወጣት ተመራማሪ ነው። እሷም በፈንታዋ ገና ሳይመረቅ «ዶክተር» እያለች ትተርበዋለች።

የተዋወቁት በአንድ አይጥ ምክንያት ነው። አይጡ ከእጁ አምልጦ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ፣ እሱ ነጭ ጋዎኑን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ያሳድደው ነበር። እሷ ባልዲዋን አስቀምጣ መዳፏን መሬት ላይ ዘረጋች። አይጡ ሰተት ብሎ ወጣበት። ወጣቱ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አያት፤ አይጡን ለመቀበል እጁን የዘረጋው ቆየት ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምሳ አብረው መብላት ልማድ ሆነ። እሱ ምሳ መቋጠር የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሷ በጨርቅ ቋጥራ ያመጣችውን ዳቦ ለሁለት ትገምሳለች። ከሕንፃው ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ አይጥ ያወራሉ። ወሬው ሲያልቅም ቶሎ አይነሱም።

አይጦቹ አሥራ ሁለት ናቸው። የስድስቱ ጭራ ቀይ፣ የስድስቱ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። በየጠዋቱ አንደኛው ወገን አእምሮን የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ሌላኛው የጨው ውሃ ብቻ ይወጋል። ከዚያ ብዙ መታጠፊያ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ጫፍ ላይ ያለው ምግብ ጋ ለመድረስ የፈጀባቸው ሰከንድ ይመዘገባል። መድኃኒቱ ለየትኛው ቀለም እንደደረሰ እሱ ራሱ አያውቅም። ዓይኑ እንዳያዳላ ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰሯ ወረቀቱን በፖስታ አሽገው መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል።

የአይጦቹ እናት ግን አውቃለሁ ባይ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ቀይ ጭራ መንገድ ጠፍቶት ጥግ ይዞ ሲቀመጥ አይታ አንጀቷን በላው። እናቷ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ፣ ይህንኑ መድኃኒት በክኒን ትወስዳለች። ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ አንዳንዴም የራሷን ቤት አልፋ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። ጥግ የያዘው አይጥ እናቷን መሰላት። በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ገባችና ለስድስቱ ቀይ ጭራዎች የዳቦ ፍርፋሪ በተነችላቸው። በየጠዋቱ እንዲሁ አደረገች፣ ሦስት ወር ሙሉ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወጣቱ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ነገ ፖስታው ይከፈታል» አላት። «ቀዮቹ የአረንጓዴዎቹን እጥፍ ጊዜ ነው የሚፈጅባቸው። መድኃኒቱን የተወጉት እነሱ መሆን አለባቸው፤ ትምህርት እንደሚያዘገይ አሳየሁ ማለት ነው። መመረቄ ነው በቃ።»

«ደክሟቸው ቢሆንስ?»

«አይደለም። ሁሉም እኩል ተርበው ነው የሚገቡት፤ የሙከራው መሠረቱ እሱ ነው። የጠገበ አይጥ ምን አስጨንቆት ይሮጣል?»

የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ምግባቸው ከቀትር በኋላ ብቻ እንደሚሰጣቸው ታውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን የነገራት ሰው አልነበረም።

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይታ አላስቀመጠቻትም። ሁሉንም ነገረቻት።

«ዝም ብትይስ ማን ያውቅብሻል?» አለች እናቷ። ትንሽ አሰበችና ደግሞ፣ «ቆይ፣ የሚያጠናው እኔ የምውጠውን ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ንገሪው ልጄ። እውነቱ ለእኔም ያስፈልገኛል።»

ጠዋት ወጣቱን ሳጥኑን ሲያዘጋጅ አገኘችው። ጨብጣ የመጣችውን ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተናገረች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ቀን።»

«ለሁሉም?»

«ለቀዮቹ ብቻ። አሳዘኑኝ። እናቴም የምትውጠው ይህንኑ መድኃኒት ነው።»

እርሳሱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፍርፋሪውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴው እየራቀ ሲሄድ ሰማችው። ከሥራ እንደምትባረር እርግጠኛ ነበረች፤ የጨነቃት ግን መባረሯ አልነበረም። ወጣቱን ትወደው ነበር፤ ይህን ለራሷ ያመነችው ያን ጊዜ ነው።

እኩለ ቀን ላይ እግሯ እንደልማዱ ወደ አግዳሚው ወንበር ወሰዳት። ብዙም ሳይቆይ እሱ መጣ፤ በእጁ የተቀደደ ፖስታ ይዟል።

«ለፕሮፌሰሯ ነገርኳቸው» አለ እየተቀመጠ። «ጥፋቱም የእኔ ነው አልኳቸው። ሥራውን ላስረዳሽ ሲገባኝ አላስረዳሁሽም።»

«ምን አሉ?»

«ፖስታውን ቀደው አነበቡና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንኪ፣ አንብቢው።»

ወረቀቱ ላይ የነበረው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቀይ፣ የጨው ውሃ። አረንጓዴ፣ መድኃኒት።

ደጋግማ አነበበችው።

«ስታዝኚላቸው የከረምሽው ለጤነኞቹ ነው» አላት። «ባትነግሪኝ ኖሮ ፈጣኖቹ መድኃኒት የተወጉት ናቸውና መድኃኒቱ አእምሮን ስል ያደርጋል ብዬ ልጽፍ ነበር። እናትሽም ቃሌን አምና መዋጧን ትቀጥል ነበር።»

መሳቅ ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አልተባረርሽም እኮ። አዲስ አይጦች ይመጣሉ፤ ከሀ ሁ እንጀምራለን። ሰከንዱን የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ።»

ፊቷን በጋዎኗ እጅጌ አበሰችና እንደ ወትሮው ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ግን አልነከሰውም። እጁ ላይ አገላበጠው።

«ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ልነግርሽ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ግማሽ ዳቦሽን ትሰጪኛለሽ፣ አጠገቤ ትቀመጫለሽ፣ እኔም ደልቶኝ ‹ነገ እነግራታለሁ› እያልኩ እሄዳለሁ። እኔንም እንደ ቀዮቹ ነው ያደረግሽኝ።»

አየችው። ጆሮው ቀልቷል። እጇን ሰደደችና ዳቦውን ከእጁ ወሰደችበት፤ ከራሷ ግማሽ ጋር አድርጋ ጨርቁ ውስጥ መልሳ ቋጠረችው።

«እንግዲያው ሳትናገር አትበላም» አለችው።

ሆዱ ጮኸ፤ ሁለቱም ሰሙት። ከዚያ ተናገረ። ሦስት ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም።