የጳጉሜን ሁለት ፎቶ

መሪጌታ ወርቅነህን ያገኟቸው ለሩፋኤል ዝናብ የወጡ ሴቶች ናቸው። ጳጉሜን ሦስት ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው ከጎሽ ዋሻ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ወዳለው ሸለቆ ወርደው፣ ሰማዩ እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር። ዝናቡ መጣ። ልጆቹ ራቁታቸውን ሲቦርቁ አንዷ ሴት ከገደሉ ሥር ነጭ ነገር አየችና ነፋስ የጣለው ጋቢ መሰላት። ቀርባ ስታየው ጋቢው ውስጥ ሰው አለ።

ወይ ጉድ! እሳቸው እኮ በቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው፣ እዚህ ስማዳ ላይ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም ያን አፋፍ እግራቸው ያውቀዋል። «አንሸራቷቸው ነው» ያለው ሁሉ ራሱም አላመነውም። ቀና ብሎ ገደሉን ያያል፣ ከዚያ ጎረቤቱን ያያል። አገሩ በአንድ ጠዋት እርስ በርሱ መፈራራት ጀመረ።

ሳጅን ይሁኔ ግን ነገሩን እዚያው ዕለት ጨረስኩት ባይ ነው። ደብሩ የብራና መጻሕፍቱን በፎቶ እያስነሣ በኮምፒዩተር ያስቀምጥ ነበር። ሳጅኑ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ጸሐፊውን አቶ ደምሌን «እስኪ የሰሞኑን ፎቶዎች ክፈትልኝ» አለው። ከመጨረሻ የመጣው ፎቶ አፋፉን ያሳያል። መሪጌታ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተዋል፤ ተማሪያቸው ዲያቆን አወቀ ፊት ለፊታቸው ቆሞ እጁን ደረታቸው ላይ አድርጓል። ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል። ጳጉሜን ሁለት፣ መሪጌታ ከሰርክ ጸሎት በኋላ የጠፉበት ቀን። ሳጅኑ ኮምፒዩተሩን ቆለፈ፣ አወቀንም አሰረ።

በማግስቱ ከመካነ ኢየሱስ ኢንስፔክተር የሻረግ መጣች። ሃምሳ ዓመት የደፈነች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ምላሷ ግን እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ ሴት ናት። በኮምፒዩተር የሚሠራ ወንጀል ስትመረምር ዓመታት ባሕር ዳር ቆይታለች። መጀመሪያ የሄደችው አወቀ ወደታሰረበት የእህል መጋዘን ነው። ሚስቱ እመቤት ከደጃፉ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። ማንም አላናገራትም፤ መንገደኛው ሁሉ ሲደርስ አሻግሮ ያያል።

«ፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ነህ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ነኝ።»

«እጅህስ ደረታቸው ላይ ምን ይሠራል?»

«ሁልጊዜ እደግፋቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

አወቀ አንገቱን ደፋ። «ቤተ ልሔም ሄጄ ላስመስክር ስላቸው ገና ነህ አሉኝ። ተናደድኩና ሰው ፊት ተናገርኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው!»

«ጳጉሜን ሁለት ከሰርክ በኋላ የት ነበርክ?»

«ጸበል ወርጄ ነበር፤ ብቻዬን።» ድምፁ ተለወጠ። «መጀመሪያ አልነበርኩም ብዬ ምዬ ነበር። አሁን ግን እንጃ። ማሽን በማን ቂም ኖሮት ይዋሻል? ነበርክ ካለ ምናልባት ነበርኩ ይሆናል። ልቤ ተሰውሮ ይሆናል። ነገ ጥፋቱን አምኜ እንደምፈርም ለሳጅኑ ነግሬዋለሁ።»

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት!» ብላ እመቤት ከደጅ ጮኸች። «ምን ሆነሃል አንተ? ባልሠራኸው ልትፈርም?»

የሻረግ ደሟ ፈላ። ክፉ ሰው ብዙ አይታለች፤ ራሱን መጠርጠር የጀመረ ንጹሕ ሰው ግን ከሁሉም ያስፈራታል። «ስማ» አለችው፤ «እኔ ሳልነግርህ ብዕር እንዳትነካ። ከነካህ እኔው ራሴ እጣላሃለሁ።»

ከዚያ ወደ ደብሩ ወጣች። ቄሰ ገበዙ አባ ቢሻው ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ አገኟት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም።

«አባ፣ መጻሕፍቱን ከዕቃ ቤት ማን ያወጣል?»

«እኔ እከፍታለሁ ልጄ። ዮርዳኖስ ፎቶ ያነሣል፤ ደምሌ ደግሞ ማታ ማታ ጽሕፈት ቤት ወስዶ ስማቸውን ይመዘግባል። ጠዋት ይመልሳል።»

«ሲመልስ ያዩታል?»

«ቆዳውን አያለሁ። ገልጬማ አላይም» አሉና ፊታቸው ጠቆረ።

አቶ ደምሌ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነው። እሱም በልጅነቱ የመሪጌታ ተማሪ ነበር። ሳጅኑ ቆልፎት የነበረውን ኮምፒዩተር አስከፈተችው። ኢንስፔክተሯ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበች፦ 2017:13:02።

«ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የምትጽፉት?»

«አዎ፣ ሰበካ ጉባኤው በፈረንጅ ቀን አይሆንም ስላለ።»

«ፎቶውን ማን አነሣው?»

«ካሜራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚውለው። ያለፈ ያገደመው ያነሣበታል። ይህን ግን እግዚአብሔር ራሱ ያስነሣው ይመስለኛል» አለና አማተበ።

ፎቶ አንሺው ዮርዳኖስ ደግሞ በሳጅኑ ከቤትህ እንዳትወጣ ተብሎ ተቀምጧል። የአርብ ገበያ ልጅ ነው፤ ኮምፒዩተር ተምሮ የመጣ፤ የደብሩን የፎቶ ማስቀመጫ ፕሮግራም የሠራውም እሱ ነው። ስለፎቶው ሰማ እንጂ አላየውም። ሲያወራ ጥፍሩን ይበላል።

«ጳጉሜን ሁለት ምን ፎቶ አነሣህ?»

«ምንም! በጳጉሜን አልሠራም። ካሜራው ያብዳላ!»

«እንዴት ነው የሚያብደው?»

«የፈረንጅ ካሜራ ነዋ ኢንስፔክተር። በእኛ ቀን ሞላሁት፤ በየወሩ መባቻ አስተካክለዋለሁ። ጳጉሜን ሲመጣ ግን ምን ላድርገው? ወሩ ከዐሥራ ሁለት አያልፍም። ነሐሴ ሠላሳ ብሎ፣ ነሐሴ ሠላሳ አንድ ይላል። ከዚያ ዘሎ አዲሱ ዓመት ውስጥ ይገባል።»

«ይህን ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን ጠይቆኝ! እነሱ ፎቶውን ነው የሚያዩት።»

«መሪጌታስ ሰሞኑን ኮምፒዩተሩ ጋ መጥተው ነበር?»

«ጳጉሜን አንድ መጥተው የተአምረ ማርያሙን ፎቶዎች አሳየኝ አሉኝ። የእመቤታችንን ስደት የሚያሳየው ሥዕል ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ቀሩ። ከዚያ ‹ይኸ እዚህ ካለ እዚያ የት ሄደ?› አሉ። አልገባኝም። አቶ ደምሌም ነበር፤ እሱም አልገባኝም አለ።»

የሻረግ ካሜራውንና ኮምፒዩተሩን ይዛ ለብቻዋ ተቀመጠች። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ ጥዱን ሁሉ ዋጠው። አሞራዎቹ ገና ከገደሉ ሥር አልሄዱም፤ ድምፃቸው ይሰማል። ማግስቱ የዓመቱ መጨረሻ ቀን ነበር፤ ጠዋት ሁሉንም ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አባ ቢሻው፣ ደምሌ፣ ዮርዳኖስና እመቤት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አወቀ እጁ ታስሮ ከሳጅኑ አጠገብ ቆመ። ሳጅኑ የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ መጥቷል።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ካሜራውን ከፍ አድርጋ። «ይህ ካሜራ ዛሬ ፎቶ ቢያነሣ ቀኑን ምን ብሎ ይጽፋል? አባ?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ!»

«አቶ ደምሌ?»

«ምን ያጠያይቃል? በእኛ ቀን ተሞልቷል። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ሦስተኛ ወር፣ አምስት።»

ዮርዳኖስ ሳያስበው ሳቀ። ደምሌ ዞር ብሎ አየው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ አይመለስም።

የሻረግ የተቀመጡትን በካሜራው አነሣችና ስክሪኑን ለሳጅኑ አሳየችው። «ጮክ ብለህ አንብብ።»

«ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት... አንደኛ ወር... አራት» አለ ሳጅኑ። «መስከረም አራት? ዛሬ?»

«ካሜራው የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ጳጉሜን ሁለት የተነሣ ፎቶ ቢኖር መስከረም አንድ ይል ነበር። እናንተ ያያችሁት ፎቶ ግን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ይላል። ይህን ቁጥር ካሜራ አልጻፈውም፤ የሰው እጅ ነው የጻፈው።»

አወቀ ቀና አለ።

«እንዴት ኮምፒዩተሩ ዝም አለ?» አሉ አባ ቢሻው። «ሐሰት ሲጻፍበት አይመልስም?»

«ጥሩ ጠየቁ አባ። ፎቶ ብቻውን አይመጣም፤ መቼ፣ በምን እንደተነሣ የሚናገር መረጃ ተሸክሞ ይመጣል። ዮርዳኖስ ፕሮግራሙን ሲሠራ የተጠቀመበት የፎቶ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች አስቀድመው የጻፉት ዝግጁ ፕሮግራም፣ ያን መረጃ በቁጥር በተሰየሙ መሳቢያዎች ይደረድረዋል። አንዱ መሳቢያ የቀን ነው። ውስጡ የተቀመጠው ግን ለላይብረሪው ቀን አይደለም፤ እንዲሁ ፊደልና ቁጥር ነው። ዐሥራ ሦስት ብትሉት ዐሥራ ሦስት፣ መቶ ብትሉትም መቶ ብሎ ያስቀምጣል። ዳኛ አይደለም፣ ዕቃ ጠባቂ ነው።»

«እንዲያውማ ዮርዳኖስ ነው!» አለ ደምሌ፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ፕሮግራሙን የሠራው እሱ ነው።»

«እኔም መጀመሪያ እሱን ነበር የጠረጠርኩት» አለች የሻረግ። «ፎቶ ላይ ቀን መቀየር የሚችሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፕሮግራሙን የሚነኩት እሱና አንተ ብቻ ናችሁ። ዮርዳኖስ ግን የካሜራውን እብደት ያውቃል። ሊያታልል ቢፈልግ መስከረም አንድ ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ማንም አይነቃበትም። ዐሥራ ሦስት ብሎ የጻፈው ጳጉሜንን ከልጅነቱ የቆጠረ፣ የፈረንጅ ማሽን እንደማያውቃት ግን ለአፍታ ያላሰበ ሰው ነው። አሁን እዚህ ፊታችን ተናገርከው።»

ደምሌ «በአንድ ቃል ሰው ይያዛል?» አለ።

«አይያዝም። ላይብረሪው ከመሳቢያዎቹ ባንዱ ውስጥ ወደ ሌላ ውስጠኛ ሣጥን የሚመራ ምልክት ያስቀምጣል። ውስጠኛው ሣጥን ካልተጠራ አይከፈትም። አንተ የምትጽፍበት ገጽ የላይኛውን ቀን ብቻ ያሳያል፤ የቀየርከውም እሱን ነው። ፎቶው መጀመሪያ የተነሣበት ቀን ከውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል። ትናንት ከፈትኩት። ነሐሴ ዐሥር ይላል።» ፎቶውን ለዮርዳኖስ አሳየችው።

«ይህንንማ እኔ ነኝ በፍልሰታ ያነሣሁት!» አለ ዮርዳኖስ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «መሪጌታ ድንጋዩ አደናቅፏቸው አወቀ ሲይዛቸው ነው! እኔ እኮ ስቄባቸው ነበር!»

እመቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አባ፣ ተአምረ ማርያሙን ይግለጡልን።»

አባ ቢሻው መጽሐፉን ከጨርቁ አውጥተው በዝግታ ገለጡት። ስደቱ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ቅጠሉ የለም፤ ከስፌቱ አጠገብ በምላጭ የተቆረጠ ጠባብ ብራና ቀርቷል። አባ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። «እኔ በቁልፍ ስኩራራ» አሉ፤ «በቁልፍ ስኩራራ!»

«መሪጌታ ዓይናቸው ቢደክምም ሥዕሉ ከፎቶ ላይ እንዳለ፣ ከመጽሐፉ ግን እንደጠፋ ደረሱበት» አለች የሻረግ። «መጽሐፉን ማታ ማታ ማን እንደሚወስደው ያውቃሉ። አቶ ደምሌ፣ ምን አሉህ?»

ደምሌ መሬት መሬት አየ። ሲናገር ያ የተቆጠበ ድምፁ ጠፍቷል።

«ቅጠሉን ከሩፋኤል በፊት መልሰው፣ እኔም አልሰማሁ አንተም አላደረግህ አሉኝ። ከየት አምጥቼ ልመልስ? ተሸጦ ሄዷል። እንደሄደ ስነግራቸው፣ እንግዲያው ነገ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ አሉ። ጋቢያቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ለመንኳቸው፤ ከዚያ ገፋኋቸው።» እጁን አየ። «ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጳጉሜንን መቁጠር ከእሳቸው ነው የተማርኩት።»

ሳጅን ይሁኔ የያዘውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከአወቀ እጅ ላይ ገመዱን ሲፈታ ፊቱን ቀና አድርጎ ሊያየው አልቻለም። ገመዱን ወስዶ ደምሌን አሰረና ይዞት ወጣ።

አወቀ ነጻ ወጥቶም ካለበት አልተንቀሳቀሰም። እጁን እያፍተለተለ ባዶውን በር ያያል። ደስታ ይሁን ድንጋጤ ፊቱ ላይ አይታወቅም።

ያኔ አባ ቢሻው መጽሐፉን ለዮርዳኖስ አስይዘው ተነሡ። በዝግታ ሄደው አወቀ ፊት ቆሙና መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉት። «አባትህ ነበሩ።»

መሪጌታ ከሞቱ ወዲህ ይህን ቃል ለአወቀ ያለው ሰው አልነበረም። ለገዳይ ማን ይለዋል? ዮርዳኖስም ተነሥቶ «እግዜር ያጥናህ» አለው። የሻረግ ሳትቀር እጁን ይዛ «ያጥናህ» አለችው። አወቀ ደጀ ሰላሙ መሬት ላይ ተቀምጦ «የኔታ! የኔታ!» እያለ አለቀሰ። እመቤት አጠገቡ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።