የጤዛማዋ ላም ሙግት

ጥቅምት ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ማለዳ፣ የአውራጃው ዳኛ ግራዝማች ወልደ ዮሐንስ ችሎቱን ከአዳራሽ አውጥተው በፍኖተ ሰላም ዳርቻ ካለው መስክ አስቀመጡት፤ ሠላሳ ከብትም ተነድቶ ቀረበ፤ ሙግቱ ግን ስለ አንዲት ቃል ነበር።

የሟቹ የባላምባራስ ዘሩ ኑዛዜ «ጤዛማዋን ላም ከነመሰሎቿ ለልጄ ለወለተ ሐና፤ የቀሩት ከብቶች ለልጄ ለላቀው ይሁኑ» ይላል። ወለተ ሐና ባሏ የሞተባት፣ አባቷን እስከ ዕለተ ሞቱ የጦረች ባላገር ናት፤ የምታርስባቸው በሬዎች፣ ልጆቿን የምታሳድግባት ላምም ከእነዚሁ ከብቶች መካከል ናቸው። ላቀው በአባት ይገናኛታል፤ ቡሬ ከእናቱ ዘንድ አድጎ እህል ይነግዳል። እርሱም ጤዛማ የምትባል ላም ኖራ ብታውቅም ድሮ ሞታለች፤ እንዲህ ያለ የከብት መልክ በአገር አይታወቅም፤ ስለዚህ ከብቱ ሁሉ የእኔ ነው ሲል ተከራከረ።

ኑዛዜውን የጻፉት መሪጌታም፣ የፈረሙት ምስክሮችም በሕይወት አልነበሩም። ዳኛው ከከብት መልክ ዳልቻውን፣ ቦቃውን፣ ወይኖውን ያውቃሉ፤ ጤዛማን ግን ሰምተው አያውቁም፤ የከተማው ሽማግሌዎችም አናውቅም አሉ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበርና በእንዲህ ያለ ነገር መፍረድ አስጨነቃቸው።

በዚህ ጊዜ ወለተ ሐና፣ ቃሉን ከአያቷ ብትማረውም የተሟጋች ቃል ብቻውን ስለማይበቃ፣ አክስቷ እንዲጠሩላት ለመነች። የባላምባራስ እኅት እማሆይ እህተ ማርያም ከአርባ ዓመት በፊት መንነው ከጢስ ዓባይ አጠገብ ይኖራሉ፤ እነዚህን ከብቶች በዓይናቸው አላዩም። ዳኛው አክስትና የወንድም ልጅ እንዳይነጋገሩ አዘዙ፤ ወለተ ሐናም የእኔ ናቸው የምትላቸውን ዘጠኝ ከብቶች አስቀድማ ለጸሐፊው አስመዘገበች።

ቀጠሮው ደርሶ በዚያ ማለዳ እማሆይ ከመስኩ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀረቡ።

«እማሆይ፣ ጤዛማ የሚባል ከብት ያውቃሉ?» አሉ ዳኛው።

«እናቴ ባንቺአየሁ ስታልብ የምትጠራበት ስም ነው፤ እርሷም ከእናቷ የሰማችው። አንገቷ ዙሪያውን ነጭ የሆነችውን ማተባም ትላለች፤ ጤዛማን ግን በነገር ከማስረዳ ባሳይዎ ይሻላል።»

በከብቶቹ መካከል አለፉ። ከአንዲት ዥጉርጉር ላም ፊት ጥቂት ቆመው ትተዋት ሄዱ፤ ሠላሳውንም አዳርሰው አንድም ሳይነኩ ተመለሱ። ላቀው ፈገግ አለ፤ ለወለተ ሐና አርባ ዓመት ቃሉን ከአክስቷ ልብ ያጠፋው መሰላት።

እማሆይ ግን ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። «ጎናቸውን ወደ ምሥራቅ አዙሩልኝ» አሉ።

እረኞቹ አዞሩ። የማለዳው ብርሃን ያን ጊዜ ከአንዲት ጥቁር ላም ጎን ላይ ዐረፈ፤ ከፊት ሲያዩዋት ከሰል የመሰለችው ላም የእያንዳንዱ ጠጕሯ ጫፍ ነጭ ሆኖ፣ ጤዛ እንዳዘለ ሣር አብለጨለጨች። እማሆይ መዳፋቸውን ከጀርባዋ ላይ አኖሩ።

«ጤዛማ ይህቺ ናት።»

ከዚያም ሁለት በሬ፣ አንድ ወይፈን፣ ሦስት ጊደር፣ ሁለት ጥጃ እየነኩ አለፉ። ጸሐፊው ከመዝገቡ ጋር አስተያየ፤ ዘጠኙም አንድ በአንድ ገጠሙ። ላቀው ራሱ ቀርቦ የላሟን ጎን ሲያይ ቆየና፣ ሳላውቅ ተሟግቻለሁ፤ ይግባኝም አልልም አለ።

ዳኛውም «ቃሉ በሕይወት አለ፤ ላሟም አለች» ብለው ፈረዱ፤ የጤዛማ ፍቺም ከፍርዱ ጋር እንዲጻፍ አዘዙ። ችሎቱን ሊያዩ የመጡ የገበያ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ወለተ ሐና ዘጠኙን ከብት በፍኖተ ሰላም አውራ ጎዳና መካከል ነዳች፤ አክስቷ በበቅሎ ከጎኗ፣ ላቀውም ጥጆቹን እየመለሰ ከኋላ ነበሩ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ አዲሱ ሕግና ስለ ሹማምንቱ ብዙ ብለዋል። ሴቶች በጉረኖ ውስጥ ለልጆቻቸው ያስተማሯቸውን ስሞች የመዘገበ ግን አልተገኘም፤ አብዛኞቹም ከባለቤቶቻቸው ጋር ተቀብረዋል። አንዲቱ ብቻ፣ በአንድ የፍርድ መዝገብ ላይ፣ ከነፍቺዋ ቀርታለች።