መቶ ቁጥር ቤንዚን

«ዘጠና አንድ ቁጥር ቤንዚን? እኛ'ኮ ነገ ውድድር ነው ያለብን፣ ካፖ!» አለ ሊቁ፣ 100 የተጻፈበትን ጀሪካን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ።

የትምህርት ቤቱ መኪና ክበብ አለቃ ካፖ ከትንሿ የውድድር መኪና ሞተር ላይ ቀና አላለችም። «የኦክቴን ቁጥር የሒሳብ ፈተና መሰለህ? መቶ ከመቶ አምጥቶ የሚያልፍ?»

«ቁጥሩ ሲበዛ ጉልበቱም ይበዛላ!»

«ጉልበት አይደለም የኔ ሊቅ፣ ትዕግሥት ነው። ፒስተኑ ቤንዚኑን ሲያምቀው ካንዴላው እሳት ሳይጭርበት በራሱ እንዳይፈነዳ የሚችልበት ልክ። የኛ ሞተር ደግሞ ብዙ አያምቅም። ለአጎትህ ይህን የሸጠለት ሰው እስካሁን እየሳቀ ነው።»

«ሊቁ» ያለችው ራሷ ናት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ልጅ ሌላ ምን ይባላል? ዘይትና ቤንዚን እንዲቀላቅል የፈቀደችለትም እጁን ከሞተሩ ለማራቅ ነበር። አሁንም እያጉረመረመ ዘይቱን ለካና ከዘጠና አንዱ ጋር ቀላቀለው።

መኪናዋ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ዙር በረረች። በሦስተኛው ሞተሩ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚነቀነቅ ምስማር ተንኳኳ። ከዚያ ቀጥ አለ።

የዎርክሾፑ መምህር መጡ። «ዘይት አንሶት ነው። ማነው የቀላቀለው?»

«እኔ» አለ ሊቁ። «በልኩ ነው ቲቸር... ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል!» ብለው የክበቡ ልጆች ተንጫጩ።

«በመሰለኝ ሞተር አይነዳም። ነገ በአንተ ቦታ ሌላ ልጅ ይሄዳል» አሉ መምህሩ።

ካፖ ግን ድምፁን ለይታዋለች። በዘይት እጥረት የሚቆም ሞተር እንዲህ አይንኳኳም። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሆና፣ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፋ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፍቃ አሳስታው ነበር፤ እመቃው እንዲጨምር። ለማንም አልተናገረችም። ሲያሸንፉ ልታስደንቃቸው ፈልጋ ነበር። ትንሽ ነው ብላ ንቃዋለች። ትንሽ አልነበረም፤ ዘጠና አንድ ከእንግዲህ አይችለውም። መቶ ቁጥሩን ያመጣው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቆም ብላ ታስብ ነበር። ከሊቁ አፍ ስለወጣ ግን ማሰቡ ራሱ ነውር መሰላት።

ዝም ብትልስ? ነገ መቶ ቁጥሩን ትሞላለች፣ ታሸንፋለች፣ ማንም አያውቅም። ሊቁም ከነመለፍለፉ ይቀራል። ግልግል።

ሊቁ ግን እየለፈለፈ አልነበረም። የመለኪያ ጣሳውን ወደ ብርሃን አንሥቶ መስመሮቹን በጣቱ ይቆጥራል። ጨረሰና እንደገና ከታች ጀመረ። የገዛ ዓይኑን ማመን ትቷል።

ሞተሩ ገና ይፋጃል። ካፖ በጨርቅ ያዘችውና መፍቻ አነሣች።

«ቲቸር፣ እሱን ከመሰረዝዎ በፊት ቴስታታውን ይዩልኝ» አለች፤ የመጀመሪያውንም ብሎን መፍታት ጀመረች።