ከመኪናዋ ስር «ልቀቂ» እስኪለኝ

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?

ይሄ የሰማሁት ወሬ አይደለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፈጣሪን እየጠራሁ አልዋሽም።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ያለሁት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው።

ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ... በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አግብታ ወጥታለች። ታናሹ ከእኔ ጋር ነበር። «ብሎን» ነው የምንለው። ዳዴ እያለ ብሎን ካገኘ ወደ አፉ፣ ነፍስ ሲያውቅ ደግሞ ወደ ኪሱ።

አደገና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነ። አንድ አሮጌ መኪና ገዛ። እህቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ምጧ ሲመጣ በራሴ መኪና ነው የማደርሳት» ይል ነበር።

መኪናዋ ግን ጉድጓድ በነካች ቁጥር ከፊት በግራ በኩል ትንኳኳለች።

ጓ... ጓ...

«ጋራዥ ውሰዳት» አልኩት።

«እማዬ፣ የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። የፊት ጎማዎቿን ወፍራም እንጨት ላይ ያወጣና በጀርባው ከስር ይገባል። እኔ ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ማለቴ ነው፣ በእጄ እጫናለሁ። «ልቀቂ» ሲለኝ እለቃለሁ። ስትወዛወዝ እሱ አንዱን ዕቃ በመዳፉ ይዞ ያዳምጣል። የላላ ዕቃ መዳፍ ላይ ይመታል።

እሱ ሳይለኝ አልለቅም። እጁ ዕቃው መሃል ነዋ።

ቁልፍ ሲፈልግ ግራ እጁን በጎማው አጠገብ ይዘረጋልኛል። ግራው ነው የሚቀናው። መዳፉ ላይ ኤሌክትሪክ ያቃጠለው ጠባሳ አለ።

«ተጫኚ እማዬ! ዛሬ ገና ውፍረትሽ ጠቀመን!»

«አፍህን ያዝ፣ ባለጌ!»

ሞላውን ያዘ። ዝም።

አሞርዛተሩን፣ ንዝረት የሚያበርደውን ማለቴ ነው፣ ያዘ። ዝም።

በየመገጣጠሚያው ያሉትን የጎማ ቡሾች አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሁሉም ጥብቅ ብለዋል።

ድምፁ ግን አለ።

ጓ...

«በቃ እማዬ... አትነቅንቂያት።»

«ከለቀቅኩ ቆየሁ እኮ!»

 ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«ታዲያ ከኋላ ማነው የተቀመጠው?»

ዞሬ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ግን መኪናዋ ከኋላ ዝቅ ብላለች... ሰው እንደተቀመጠባት።

ከስር ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «የኋላው ሞላ ደክሞ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ እንደሆነ እናት ይጠፋታል?

«ልጄ፣ ይቅርብህ። ሽጣት።»

«እህቴ መውለጃዋ ደርሷል እማዬ። ትንሽ ነድቼ ልሞክራት። መጣሁ።»

መጣሁ ብሎ ወጣ።

መኪናዋ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ሞተሯ አልጠፋም። በሮቿ ከውስጥ ተቆልፈዋል።

እሱ የለም።

ያልፈለግንበት የለም። ሆስፒታሉ፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ወንዙ ሳይቀር... እህቱ በሰው መኪና ሄዳ ወለደች። እርሜን እንዳላወጣ ሬሳ አላየሁ። ይመጣል ብዬ እንዳልጠብቅ ልቤ ያውቀዋል።

መኪናዋን ጎትተው አመጡልንና እዚያው እንጨቷ ላይ ቆመች። ትልቋ «ሽጪልኝ እማዬ፣ ግቢሽ መግባት ፈራሁ» ትለኛለች። እንዴት ብዬ? መጨረሻ የነካት እሱ ነው።

ዛሬ ጸሎቴን አድርሼ ልብስ ሳሰጣ...

ጓ...

የነካት ሰው የለም። ነፋስም የለም።

እጄ ቀድሞኝ ሄደ። እንደ ድሮው ፓራፋንጎውን ተጫንኩ።

«እማዬ...»

ከስር ነው። በሹክሹክታ። የልጄ ድምፅ ነው፤ በሺህ ድምፅ መሃል አይጠፋኝም።

«አለሁ ልጄ! ልልቀቅ?»

«አትልቀቂ... ከለቀቅሽ ይወስደኛል።»

«ማነው የሚወስድህ?»



መኪናዋ ከኋላ ቀስ ብላ ዝቅ አለች።

ፈጣሪዬን ጠራሁ። ጎረቤት ጠራሁ፣ የመጣ የለም። ትልቋ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ስልኩ እጄ ላይ ነውና ለእናንተ መጻፍ ጀመርኩ። አጎንብሼ እንዳላይ እጄ ከቆርቆሮው ይነሳብኛል። ክንዴ ደንዝዟል። ብዙ እንደማልቆይ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ...

በጎማው አጠገብ እጅ ተዘረጋልኝ። ግራ እጅ። ጠባሳውም አለ።

«እማዬ... ያዢኝ።»

ስልኩን ጥዬ ልይዘው ስል፣ ከጎኑ ሌላ እጅ ወጣ።

እሱም ግራ ነው። እሱም ጠባሳ አለው።

ሁለቱም መዳፋቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነው።

አንዱን ብቻ ነው መያዝ የምችለው ልጆቼ... የቱ የልጄ እንደሆነ አላውቅም።

ጸልዩልኝ።