አሥራ ስምንት ሊትር ውሃ

የጀሚላን አስከሬን ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኙት ንጋቱና እጅጋየሁ ናቸው፤ አብረው ሲፈልጓት።

ገና የቀለም ሽታው ባልለቀቀው አዲስ ክፍል ወለል ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። የራሷ ሻሽ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የካርቱም የነሐሴ ሙቀት እንደ ምድጃ ትንፋሽ ይገባል።

እጅጋየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ንጋቱ ጎንበስ ብሎ የልጅቷን እጅ ነካ። ለብ ያለ ነበር። አሁን፣ ገና ጥቂት ሰዓት ቢሆናት ነው ብሎ አሰበ።

ይህ ሐሳብ አንድ ንጹሕ ሰው ሊያስገድል ምንም አልቀረው።

ንጋቱ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ የማቀዝቀዣ ባለሙያ። በመተማ በኩል ካርቱም ከገባ ሰባት ዓመቱ ሲሆን፣ ዳውድ ለሚባል ሱዳናዊ ተቋራጭ ይሠራል። በዚያ ሳምንት የተላከው አል-ማንሺያ፣ ተውፊቅ የሚባል ነጋዴ ቤት ነበር። የተውፊቅ ሚስት ሉጥፊያ እናቷን ልታስመጣ አዲስ ክፍል አሠርታለች፤ አሮጊቷ ሙቀትም ብርድም አይችሉም። ለዚህ ነው ፋን ኮይል የታዘዘው። ፋን ኮይል ኮርኒስ ውስጥ የሚንጠለጠል፣ ትልቅ ሻንጣ የሚያክል የቆርቆሮ ሳጥን ነው። በሙቀት ጊዜ የቀዘቀዘ፣ በብርድ ጊዜ የሞቀ ውሃ በቱቦ ይገባበታል፤ ማራገቢያው በቱቦው ላይ አየር ይነፋል።

በቤቱ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ሰዎች። እጅጋየሁ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አንዱን ያሳለፈችው እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጀሚላ የሃያ ሁለት ዓመት የወሎ ልጅ ናት፤ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። በሩን የሚጠብቀው ፍሰሐ የሚባል የጎንደር ጎልማሳ ነበር።

ሙላዚም ሙሄዲን ከሁለት ፖሊሶች ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ወጣት የፖሊስ መቶ አለቃ ነው። አብዮቱ አሮጌውን መንግሥት ከጣለ ወዲህ ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ፣ ባለፈበት ሁሉ የሰፈር ልጆች ያፏጩበታል፤ ስለዚህ ነገር ቶሎ መጨረስ ይወድዳል። ንጋቱን ግድግዳ አስይዞ ጠየቀው።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ሟቿን አይተሃታል?»

«ሻይ ሰጥታኛለች።»

«ዛሬ ዓርብ ነው። ለምን መጣህ?»

«የውሃ ማፍሰሻው ቱቦ አላለቀም ነበር። አሮጊቷ ሊመጡ ነው ብለው አስቸኮሉኝ።»

የዓርብ ጠዋቱን የት እንዳሳለፈ ተጠየቀ። አርካዊት፣ ከስድስት ሰዎች ጋር በሚኖርበት ቤት ልብስ ሲያጥብ እንደነበር ተናገረ። ስልክ ተደውሎ ተረጋገጠለት።

ሐኪሙ አስከሬኑን ብዙ አላገላበጠውም። በዚህ ሙቀት ያደረ ሬሳ እንዲህ አይሆንም፤ ያብጣል፣ ይሸታል፤ ይህች ልጅ የሞተችው ዛሬ ነው፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ወዲህ፣ አለ። ባልና ሚስቱ ከሐሙስ ቀትር ጀምሮ ዋድ መዳኒ ሠርግ ላይ ናቸው። እጅጋየሁ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ በማለዳ ማዮ ሰፈር፣ የአገሯ ሰዎች ዘንድ ሄዳለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተመለሰችው። ከመሄዷ በፊት ከጀሚላ ጋር ሻይ ጠጥተዋል። አዲሱንም ክፍል ራሷ ጠርጋው ነበር፤ ማንም አልነበረበትም፤ ሙቀቱ አያስቆምም ነበር፣ ብላ በእንባ መሰከረች።

እንግዲህ በግቢው የቀረው ፍሰሐ ብቻ ነው። ፍራሹ ሲገለበጥ የሉጥፊያ የወርቅ ሐብል ከሥሩ ተገኘ። ሲሰርቅ አየችው፣ አነቃት። ኸላስ፣ አለቀ። ሙላዚሙ መዝገቡን አጠፈ።

ፍሰሐ ደግሞ ዋሸ። ከሐሙስ አመሻሽ ጀምሮ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም አለ። የጎረቤት ዘበኛ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ሰው እንዳልነበረበት ተናገረበት። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የተፈጸመው ጣቢያ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ቀን እውነቱን አወጣ። ያን ሰሞን አባይ ሞልቶ ወደ ቤቶቹ ይገፋ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች አሸዋ በከረጢት እየሞሉ ዳርቻውን ይከልላሉ። ጌቶቹ ስለሌሉ ፍሰሐ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ቆልፎ ሄዶ፣ ሊነጋጋ ሲል ድረስ አብሯቸው ሲሸከም አደረ። ዘበኛ በሩን ጥሎ መሄዱ ከታወቀ እንጀራው ያበቃል ብሎ ነው የደበቀው። ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል አለ።

ሳቁበት። ልጅቷ የሞተችው ዓርብ ረፋድ ነው። ፍሰሐ ማንም ባልጠየቀው ሰዓት ላይ ሃያ ምስክር ነበረው።

እሑድ ሉጥፊያ ወደ ዳውድ ደወለች። እናቷ እየመጡ ነው፤ ክፍሉ ይጠናቀቅ። ዳውድ ንጋቱን ላከው። የሞተ የአላህ ነው፣ ሥራው የእኔ ነው፣ ጨርሰህ ውጣ፣ አፍህን አትክፈት፣ አለው።

ንጋቱ ወደ ጓሮ ዞረ። ፋን ኮይል ሲያቀዘቅዝ ያልበዋል፤ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ቱቦ ሲነካ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ያን ውሃ የሚያወጣው ማፍሰሻ ነው ያላለቀው። ሐሙስ ሲወጣ ቱቦውን በግድግዳው አሳልፎ፣ ጫፉን ጄኔሬተሩ ከተጠለለበት ቆርቆሮ ሥር ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ አስገብቶት ሄዷል። ማሽኑን የሞከረው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ሊደፋው ባልዲውን ሲያነሳ ክብደቱ ክንዱን ጎተተው።

ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ነው። ሊሞላ ጥቂት ጣት ቀርቶታል።

ዝናብ አልዘነበም። ቢዘንብም ከላይ ጣሪያ አለ። ንጋቱ ባልዲው ጎን ቁጢጥ ብሎ ውሃውን አየው። ዓርብ ሲመጡ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ ክፍሉ ይፋጅ ነበር። ይህን ያህል ውሃ ግን በሰዓት አይወጣም። በአንድ ሌሊት ነው፤ ከዚያም በላይ።

ጀሚላ ያላበጠችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባው።

ወጥ ቤት ገባ። እጅጋየሁ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከሰባት ዓመት በፊት ንጋቱ በወባ ተይዞ ማዮ አንድ ጎጆ ውስጥ ሲቃጠል፣ ሾርባ በዕቃ እየያዘች በየዓርቡ የመጣችለት እሷ ናት። ልጄ ነው የምትለው።

«እትዬ፣ ሐሙስ ማታ ያን ማሽን ያስነሳው ሰው አለ?»

«ማን ያስነሳዋል? የለም።»

«ለትንሽ ጊዜም?»

«እኔ ማብሪያውን እንኳ አላውቀው» አለች፤ ቢላዋው አልቆመም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማብሪያውን ያሳያት እሱ ራሱ ነበር። ወደ ታች ስትጫኚው ይቀዘቅዛል፤ አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ካደረግሽው ሥጋ ያሳድራል፣ ብሎ አስቋታል። ማፍሰሻው እስኪያልቅ እንዳይነኩትም ነግሯታል። ስለ ባልዲው ግን አላነሳላትም። ከቤቱ ሰው ጓሮ የሚሄድ ስለሌለ ማውራቱም አላስፈለገው።

ቀኑን ሙሉ ሠራ። ባልዲውን አልደፋውም። ዝም ቢል ፍሰሐ ይሰቀላል። ቢናገር እሷ ትሰቀላለች። ሌላ መንገድ ፈለገ፤ አጣ። ሰኞ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሙላዚሙን ጠበቀው።

ሙሄዲን መጀመሪያ አልሰማውም። የቱቦ ሠራተኛ መርማሪ ሆነ ወይ አለ። ንጋቱ አንድ ሰዓት ብቻ ለመነው። ሄዱ። ባልዲውን ለኩት፤ አሥራ ስምንት ሊትር ሆነ። በሌላ ባዶ ዕቃ ተክተው ማሽኑን እስከ መጨረሻው አቀዘቀዙትና ሙላዚሙ ሰዓቱን ይዞ ተቀመጠ። በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ነው።

«አሥራ ስምንት ሰዓት» አለ ሙሄዲን ቀስ ብሎ። ክፍሉ እስኪበርዳቸው ቀዝቅዞ ነበር። «መቼ ነው የጠፋው?»

«እኛ ከመግባታችን በፊት። መስኮቱ ተከፍቶ ክፍሉ እስኪግል አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ስምንት ሰዓት ላይ በሉት።»

ሙላዚሙ በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ። ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ንጋቱ ባልዲ እንደ ሰዓት እንደማያስተማምን፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሊስት እንደሚችል ነገረው። ሁለትም ቢስት ግን ፍሰሐ ያኔ ከሃያ ሰው ጋር አሸዋ ተሸክሟል። በቤቱ የነበሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። አንደኛዋ ሞታለች። ሌላዪቱ ዓርብ ማለዳ ያን ክፍል ጠረግሁት፣ ሙቀቱ አያስቆምም ነበር ብላ ፈርማለች፤ ማሽኑ አሥር ሰዓት ሙሉ ሲያቀዘቅዘው ቆይቶ።

እጅጋየሁ ተጠራች። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። ብርዱ ፊቷን ሲነካው ቆመች። ባልዲውን አየች። ሙላዚሙ በዓረብኛ ማስረዳት ጀመረ፤ እሷ ግን ንጋቱን ነበር የምታየው።

«አንተ ነህ የነገርካቸው?» አለችው በአማርኛ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

አልካደችም። አልጮኸችም። ወለሉ ላይ፣ ልጅቷ ተኝታበት ከነበረው ቦታ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ የሙላዚሙን ጥያቄ በሱዳን ዓረብኛ አንድ በአንድ መለሰች።

ሉጥፊያ ረቡዕ ዕለት ሁለቱንም ጠርታቸው ነበር። ለእናቷ ሲባል ወጪ በዝቷል፤ አንድ ሠራተኛ ይበቃል። አንቺ ደክመሻል፣ ጣቶችሽ አብጠዋል፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሂጂ፣ አለቻት እጅጋየሁን። ከዚያ ዞራ ጀሚላን ብቻሽን ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ጀሚላ ኢንሻላህ እችላለሁ አለች።

«ወጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለች እጅጋየሁ። «ዓረብኛውንም እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሐሙስ ማታ፣ ተይ፣ ከእትዬ ጋር ካልሆነ አልሠራም በያቸው ብዬ ለመንኳት። እኔም እኮ እናት አለችኝ አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሻሿን ታስር ነበር። የት ልሄድ ነበር? አገሬ የሚያውቀኝ የለም። እዚህ ያለኝ ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችው አልጋ ናት።»

«ሐብሉን ፍራሹ ሥር የከተትሽበት ፍሰሐስ ምን በደለሽ?» አለ ንጋቱ፤ ማንም ሳያዝዘው።

«ምንም። አንድ ሰው መገኘት ነበረበት።»

ፍሰሐ በማግስቱ ተለቀቀ። ይቅርታ ያለው የለም። ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አልሰማም፤ ሁለት ጣቶቹም ተጣመው ቀሩ። ተውፊቅ ሌላ ዘበኛ ቀጥሮ ስለነበር ዕቃውን በበሩ ላይ ተቀብሎ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። ሉጥፊያም በሳምንቱ አዲስ ልጅ አስገባች። አሮጊቷ መጡ፤ በዚያ ክፍል ተኙ፤ ቅዝቃዜው ተስማማኝ አሉ።

ፍርዱ ጥር ላይ ደረሰ። በአገሩ ሕግ ነፍስ ባጠፋ ሰው ላይ የሟች ቤተሰብ ይጠየቃል። ይቅር ይላል፣ ወይም የደም ካሳ ይቀበላል፣ ወይም ቂሳስ ብሎ የገዳዩን ሞት ይጠይቃል። የጀሚላ አባት ወሎ ናቸው፤ መምጣት አልቻሉም። ዳኛው በስልክ ይጠየቁ አሉ። አስተርጓሚ ሲጠፋ ለምስክርነት የተጠራው ንጋቱ ተነሥቶ እንዲያስተረጉም ታዘዘ። አስማሉት። ከእሱና ከእጅጋየሁ በቀር በችሎቱ አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም።

የሽማግሌው ድምፅ ከስልኩ እየተቆራረጠ ወጣ።

«የገደለቻት ሴትዮ እዚያ አለች?»

«አለች፣ አባባ።»

«ልጄ ምን ብላ ነበር የምትጠራት?»

ንጋቱ ወደ ተከሳሿ ላለማየት ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። «እትዬ ትላት ነበር።»

ዳኛው መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ቀና አሉ። ከዚያ ሽማግሌው ተናገሩ፤ ሳይቸኩሉ።

«ገንዘቡን አልፈልግም። ይቅር ለማለትም ልቤ እንቢ አለኝ። ደም በደም ይሁን።»

ዳኛው ብዕራቸውን አንሥተው ንጋቱን አዩት። ሽማግሌው ይቅር ብለዋል ማለት ይችል ነበር። በዓረብኛ አንድ ቃል ነው። አፉ ላይ መጣበት። ሾርባው ትዝ አለው፤ የፍሰሐ ጆሮም፤ ስልኩን ይዘው መልስ የሚጠብቁት አባትም።

«ቂሳስ» አለ።

ዳኛው ጻፉ። እጅጋየሁ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች፤ ሞቷን መጀመሪያ ከሽማግሌው፣ ቀጥሎ ከንጋቱ አፍ ሰማችው። አላለቀሰችም። ሴት ወታደሯ ክንዷን ይዛ ስታስነሳት ብቻ ወደ እሱ ዞር አለች።

«በትክክል ነው የተረጎምከው» አለችው።